«እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም፤ ፖከር ችሎታ ነው»፦ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለአራት ዓመት ስናገራት የኖርኩ ሰው ነኝ

ወንዝ ማዶ (ክሩን የከፈተው) | ለንደን | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ ላይ ስለ ሥራ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሳው በሐበሻ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንኳ የማይወራ ነገር ነው፤ በኢንተርኔት ስለሚጫወቱት ፖከር። ካቆምኩ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። በዚያ ዘመን በአእምሮዬ ውስጥ ምን ሲካሄድ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ቀድሞ የሚገባው አንድ ሰው ከተገኘ ብዬ እጽፋለሁ።

አጀማመሬ ቀላል ነበር። የምሠራበት ሆቴል ውስጥ አንድ ባልደረባዬ አሳየኝ። ሃያ ፓውንድ አስገባሁ። በመጀመሪያው ወር 1,100 ፓውንድ በላሁ። በዚያ ወር ተበልቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ገንዘቡን ስበላ ዕድል ቀናኝ አላልኩም፤ ተሰጥኦ አለኝ አልኩ። መጽሐፍ ገዛሁ፣ ቪዲዮ ተመለከትኩ፣ ስሌት አጠናሁ። ሁለት አስ የያዘ ሰው ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ያለውን ሁሉ ቢያስይዝ፣ ከመቶው ጊዜ 82ቱን ያህል እንደሚያሸንፍ አወቅሁ። ይህ እውነት ነው። ፖከር እንደ ሎተሪ አይደለም፤ ጎበዝና ሰነፍ ተጫዋች አለው። እኔን የያዘኝም ይኸው እውነት ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቶሎ እነቃ ነበር።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ሳምንታዊ እቁባችን ሃያ ሰው ነበረው፤ መቶ መቶ ፓውንድ እንጥላለን። አንድ እሑድ ለእኔ ደረሰኝ። ሁለት ሺህ ፓውንድ። አብዛኛው የታሰበው ለእናቴ ዓይን ነበር፤ የሞራ ግርዶሽ ይዟት ደሴ ቁጭ ብላ ተራዋን ትጠብቃለች። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነበረች። ልጃችንን አስተኛሁና «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብዬ ሦስት መቶ ፓውንድ አስገባሁ። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ሁለት አስ መጣልኝ። ከፊቴ ያለው ሰው ሁለት ንጉሥ ነበረው። ያለን ሁሉ መሐል ላይ ገባ። የመጨረሻዋ ካርታ ስትገለጥ ንጉሥ ሆነች፤ እሱ በሦስት ንጉሥ በላኝ።

ያን ጊዜ ያዘንኩ እንዳይመስላችሁ። የተሰማኝ መዘረፍ ነው። ከመቶው 18 ጊዜ ያህል ሊሆን እንደሚችል በቃሌ የማውቀው ነገር፣ በእኔ ላይ የተፈጸመ ግፍ መስሎ ታየኝ። የተወሰደብኝን የሚመልስልኝ ሰው ያለ ይመስል፣ በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የምጫወትበትን ሁለት ጠረጴዛ ስድስት አደረግሁት፤ መወራረጃውንም እጥፍ አደረግሁ። ተጫዋቾች ይህን ሁኔታ «ቲልት» ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከድሮው የፒንቦል ማሽን ነው፤ ተጫዋቹ በንዴት ሲነቀንቀው ማሽኑ ራሱን ቆልፎ «ቲልት» የሚል ጽሑፍ ያበራል። ማሽኑ ይቆለፋል። ሰው ግን አይቆለፍም። የባንክ ካርዱን ደግሞ ያስገባል።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቀና ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ሦስት ዓመቷ ነበር። የሌሊት ልብሷ ከወገቧ በታች ረጥቧል፤ ባዶ የውኃ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛለች። አታለቅስም። አልቅሳ አልቅሳ የተወችው መሆኑን ያወቅሁት ፊቷ ላይ የደረቀውን እንባ ሳይ ነው። የተቀመጥኩበት ወንበር ከአልጋዋ አምስት እርምጃ አይርቅም። አልሰማኋትም። ይታዩኝ የነበሩት ስድስት አረንጓዴ ጠረጴዛዎች ብቻ ነበሩ። ልብሷን ቀየርኩላት፣ ውኃ ሰጠኋት፣ አስተኛኋት፤ ከዚያም ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልትነግሩኝ የምትችሉት ነገር ሁሉ ይህን ያህል አይከብደኝም፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ስትመጣ ከሁለቱ ሺህ አንድም ፓውንድ አልነበረም።

አሁን ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህ ነው። ከእናንተ ውስጥ «እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም» እያለ የሚጫወት ካለ፣ ምን ብሎ ነው ራሱን የሚያሳምነው? ለመፍረድ አይደለም የጠየቅሁት። የእኔን ነግሬአችኋለሁ።

—

አራት አስ | ኒው ጀርሲ | እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡45

ወንድሜ፣ ስለ ልጅህ ያነበብኩት አሳዝኖኛል። ነገር ግን ሁሉን በአንድ ጆንያ አትክተተን። እኔ በምኖርበት ግዛት የኢንተርኔት ፖከር ከ2013 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው። ከሥራ መልስ እጫወታለሁ፣ የገንዘብ ወሰን አለኝ፣ ያልገባኝን እጅ (አንዱን ዙር ጨዋታ) በማግስቱ እመረምራለሁ። ቼስ የሚጫወት ሰው ሱሰኛ አይባልም።

ችሎታ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ 2003ን ያስታውስ። ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ የሒሳብ ባለሙያ በኢንተርኔት በ86 ዶላር የማጣሪያ ጨዋታ ገብቶ ላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ዋና ውድድር ላይ ደረሰ፤ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ። ከሳሎኑ ነው የተነሳው። ፖከር ለድሃ ልጅ በሩ ክፍት ነው፤ ማንም «ቪዛ አለህ ወይ፣ ዲግሪ አለህ ወይ» አይለውም። ከአገር ቤት ዲግሪዬን ይዤ መጥቼ መኪና ማቆሚያ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ጭንቅላቴ ዋጋ ያገኘበት ቦታ ይኼ ብቻ ነው። አሸናፊ ነኝ፤ ሒሳቤም ይመሰክርልኛል። አንተን የጎዳህ ፖከር ሳይሆን ራስህን አለመግዛትህ ይመስለኛል። ካስቀየምኩህ ይቅርታ።

—

ወንዝ ማዶ | ለንደን | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

አላስቀየምከኝም። ከአራት ዓመት በፊት ብትጽፈው ኖሮ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ እምል ነበር።

ስለ መኒሜከር ያልከው ልክ ነው። በዚያ ዓመት ለዋናው ውድድር የተመዘገበው 839 ሰው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ 8,773 ሆነ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያመጣው የእሱ ታሪክ ነው፤ እኔንም ጭምር። ስሙ ራሱ «ገንዘብ ሠሪ» የሚል ሰው አሸንፎ እያየ ማን ቤቱ ይቀመጣል? እኛ ግን የምናውቀው የአንደኛውን ስም ነው።

ችሎታ መኖሩን አልካድኩም። ያልገባኝ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ችሎታው እንዳለህና እንደሌለህ ለማወቅ ስንት እጅ መጫወት ያስፈልጋል? ዕድል በአጭር ጊዜ ጨዋታውን ስለሚያናውጠው፣ በሺህ የሚቆጠር እጅ ምንም አይነግርህም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ያስፈልጋል። በዚያ ሁሉ መሐል ደካማው ተጫዋች ራሱን ጎበዝ አድርጎ ለወራት ሊኖር ይችላል። ስበላ «አነበብኩት፣ ያዝኩት» እላለሁ። ስሸነፍ ደግሞ «ካርታው ከዳኝ፣ ሰነፍ ሰው በዕድል በላኝ» እላለሁ። ድሉ የእኔ፣ ሽንፈቱ የካርታው። በዚህ ሒሳብ ማን ከስሮ ያውቃል? ጎበዝ ሆነህ እንኳ ቤቱ፣ ማለትም አጫዋቹ ድረ ገጽ፣ ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል፤ ከአንተ ጋር እኩል ከሆነ ሰው ጋር ስትጫወት ሁለታችሁም ለቤቱ ትገብራላችሁ።

ፍጥነቱንም አስበው። በእውነተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው በሰዓት ከ25 እስከ 30 እጅ ያያል። በኢንተርኔት አንድ ጠረጴዛ ብቻ 60፣ 70 እጅ ይሰጣል። እኔ በስድስት ጠረጴዛ ስጫወት በየዘጠኝና በየአሥር ሴኮንዱ አንድ አዲስ ነገር ይመጣል። በእውነተኛው ጠረጴዛ ስትናደድ ሰው ያይሃል፣ አስተናጋጁ ያይሃል፣ ሲጋራ ልታጨስ ትወጣለህ። በስልክህ ላይ ፊትህን የሚያይ የለም።

«ጭንቅላቴ ዋጋ ያገኘበት ቦታ» ያልከው ግን ልቤን ነካው። እኔም የሆቴል ምንጣፍ እየጠረግሁ የኖርኩት በዚያ ነው። ለዚህ ነው ከገንዘቡ ይልቅ እሱን መተው የከበደኝ። ማጣት የፈራሁት ያንን «ጎበዝ ነኝ» የምልበትን ሰው ነው።

—

ነጭ ጋቢ | በርሚንግሃም | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

እኔ በሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐበሻ ታካሚ ሲመጣ ስለ እንቅልፍና ስለ ራስ ምታት ይናገራል፤ ስለ ቁማር የምሰማው በአራተኛው ቀጠሮ ነው፣ ያውም ከሚስቱ። ስለዚህ ወንዝ ማዶ፣ ልጅህን በሩ ላይ እንዳየሃት መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በዚህ በኢንተርኔት ፖከር ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። በ2007 እዚሁ እንግሊዝ አገር በ422 ተጫዋች ተማሪዎች ላይ በተሠራው ከአምስቱ አንዱ ያህል፣ 18 በመቶው፣ የችግር ቁማርተኛ መመዘኛን አሟልቶ ተገኘ። እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ችግር ላይ ያሉትን ከሌሎቹ ይበልጥ የለዩት ነገሮች ናቸው፤ ከጨዋታ በኋላ የሚሰማ የከፋ ስሜት፣ ከችግር ለመሸሽ መጫወት፣ ሌላው ደግሞ በጨዋታው ላይ ጾታን ቀይሮ ሌላ ሰው መስሎ መቅረብ። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ቆም አልኩ። ተጫዋቹ ሌላውን ለማታለል ዘዴ ነው ይላል፤ እንደዚያም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ለጥቂት ሰዓት ከራሱ ወጥቶ ማደር የሚፈልግ ሰው ይታየኛል።

በ2010 የታተመ የካናዳ ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል። ሰው ከልክ በላይ እንዲጫወት ከሚያደርጉት ጋር ተያይዘው የተገኙት መሰላቸት፣ ግብታዊነት፣ ድባቴ፣ ጭንቀት፣ ውጥረት፣ እንዲሁም ባለሙያዎች ከራስ መነጠል የሚሉት ነው፤ ጊዜው ሳይታወቅ ሰመመን ውስጥ መግባት። ልጅ በአምስት እርምጃ ርቀት አልቅሳ አለመስማት ማለት ይህ ነው። የጆሮ ሕመም አይደለም፣ ጭካኔም አይደለም። ስድስቱ ጠረጴዛ ለጭንቀቱ ማደንዘዣ ሆኖለት ነበር። አብዛኛው ሰው ቁማርተኛ ደስታ ፍለጋ ይሄዳል ብሎ ያስባል። እኔ ዘንድ የሚመጡት ግን ምንም ነገር እንዳይሰማቸው ነው የሚጫወቱት።

ስለ «መዘረፍ» የተጻፈውም በጥናት ተደርሶበታል። ፊንላንዳውያን ተመራማሪዎች በ2013 ተጫዋቾችን ስለ ቲልት ጠይቀው ደጋግመው የሰሙት «ፍትሕ ጎደለ» የሚል ቁጣ ነበር። ከቁጣው በኋላ የተበሉትን ለማስመለስ መሮጥ ይመጣል፤ ከዚያ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን መርገም። በዚያው ዓመት ያወጡት ሌላ ሥራ ደግሞ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ያለፈውን ሽንፈት እያላመጡ ራሳቸውን ከማሰቃየት ይልቅ በእርጋታ እንደሚመረምሩት ያሳያል። ማላመጥና መመርመር አንድ አይደሉም፤ አራት አስ ወንድሜ፣ አንተ በማግስቱ የምታደርገው የትኛው እንደሆነ ራስህን ብትጠይቅ እወዳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1975 ኤለን ላንገር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የአንድ ዶላር የሎተሪ ቲኬት ለሰዎች ሸጡ። ግማሹ ቲኬቱን ራሱ መረጠ፤ ለግማሹ ተመርጦ ተሰጠው። በኋላ መልሳችሁ በስንት ትሸጡልናላችሁ ሲባሉ፣ ያልመረጡት በአማካይ 1.96 ዶላር ጠየቁ፤ የመረጡት 8.67 ዶላር። የማሸነፍ ዕድላቸው እኩል ነው። እጃቸው ስለነካው ብቻ ከበደባቸው። አገር ቤት የሎተሪ አዟሪው ሲቀርበን ቁጥሩን አገላብጠን መርጠን የምንወስደው ለዚህ ነው። ሎተሪ ላይ ይህን ያህል ከሠራ፣ በእርግጥም ምርጫ ባለበት በፖከር ላይ ምን ያህል ይሠራል?

—

የስቶክሆልሟ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

እኔ ተጫዋች አይደለሁም። ባለቤቴ ነው። ይህን ክር ሁለት ጊዜ አንብቤ አልቅሻለሁ።

ባለቤቴ ጠጪ አይደለም፣ አጫሽ አይደለም። ሁዳዴን በሥርዓቱ ይጾማል፤ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ለሰው ብናገር ማን ያምነኛል? ሌሊት ስነቃ ብርድ ልብሱ ከውስጥ ያበራል። ስልኩን ከነጭንቅላቱ ተከናንቦ ነው የሚጫወተው። ስጠይቀው «ሥራ ነው፤ አንቺ አይገባሽም» ይለኛል። ስሌት በወረቀት ሠርቶ ያሳየኛል፤ እውነትም አይገባኝም። ሁለት ጊዜ ዕዳውን ከፍያለሁ። ሁለተኛውን የከፈልኩት ለእህቴ የአውሮፕላን ቲኬት ካጠራቀምኩት ነው። በሁለቱም ጊዜ እግሬ ላይ ወድቆ ማለ፤ በሁለቱም ጊዜ ወር አልሞላም።

የሚያመኝ ገንዘቡ አይደለም። ሲሸነፍ ዝም ይላል። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። ልጆቹ «አባባ ታሟል ወይ» ይሉኛል። ሲያሸንፍ ደግሞ ቤቱ ሰርግ ይሆናል፤ ሥጋ ይገዛል፣ ልጆቹን ይሸከማል። እኔ ያንን ደስታውን ከዝምታው ይልቅ እፈራዋለሁ።

እዚህ አገር ከ2019 ጀምሮ «ስፔልፓውስ» የሚባል ራስን ማሳገጃ አለ፤ አንድ ጊዜ ከተመዘገቡ ፈቃድ ያላቸው ድረ ገጾች ሁሉ ይዘጋሉ። እኔ ልመዘግበው ሞክሬ ነበር። ተጫዋቹ ራሱ ካልተመዘገበ አይሆንም። ሲስተር፣ ምን ላድርግ?

—

አራት ኪሎ | አዲስ አበባ | ሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡05

እኛ ሰፈር ፖከር ብዙም አይታወቅም፤ የሚያጠፋን የእግር ኳስ ውርርድ ነው። ግን እያነበብኩ ያለሁት ስለ ጓደኞቼ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ስምንት ጨዋታ ገምቶ ሰባቱ ሲሳካለት «ተቃርቤ ነበር» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቷን በኪሱ ይዞ ይዞራል። የተበላ ሰው አይመስልም፤ የተሾመ ይመስላል። ይህ «ለጥቂት አመለጠኝ» የሚሉት ነገር በፖከርም አለ?

—

ነጭ ጋቢ | በርሚንግሃም | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

አራት ኪሎ፣ አለ፤ እንዲያውም እዚያ በየደቂቃው አለ። አንዲት ካርታ ብትመጣ የሚሞላ እጅ ይዞ መጠበቅ የጨዋታው ግማሽ አካል ነው። ለጥቂት ማምለጥ በቁማር ወዳድ አእምሮ ውስጥ ሽንፈት ሆኖ ሳይሆን ማበረታቻ ሆኖ ይመዘገባል። የጓደኛህ ወረቀት ኪሱ ውስጥ የቆየችው ለዚህ ነው።

የስቶክሆልሟ እህቴ፣ ያንቺን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ትክክል ነሽ፤ ማንም በእሱ ቦታ ሊያስመዘግበው አይችልም። አንቺ ማድረግ የምትችይው ሌላ ነው። ዕዳውን ሦስተኛ ጊዜ አትክፈይ። ይህን የምልሽ ከጭካኔ አይደለም። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመዘኛ ቁማርን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀምጦታል። ዘጠኝ ምልክቶች አሉት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱን ያሟላ ሰው ሕመሙ አለበት ይባላል። ከዘጠኙ አንዱ በቁማር የገባበትን የገንዘብ ጭንቅ ሌላ ሰው እንዲከፍልለት መተማመኑ ነው። ስትከፍይለት ቃል የሚገባልሽ ከልቡ ነው፤ ግን ዕዳው ሲነሳለት የሚያስጨንቀው ነገር አብሮ ይነሳለትና መንገዱ ይጠረግለታል። የደመወዝሽን ሒሳብ ለይ፤ በስምሽ ብድር መውሰድ እንዳይችል አድርጊ። በስዊድን «ስቶድሊንየን» የሚባለው የስልክ መስመር ለተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብም ነው። አንቺ ደውዪ። እሱ እስኪያምን አትጠብቂ።

ደግሞም ዝም ባለበት ቀን በቀጥታ ጠይቂው፤ «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ። ብጠይቅ ሐሳቡን እሰጠዋለሁ ብለሽ አትፍሪ፤ ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም። የቁማር ዕዳና ኀፍረት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ራሱን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ እኔ ይህን በሥራዬ ላይ አይቻለሁ። «አዎ» ካለሽ ብቻውን አትተዪው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

ጾሙን የሚጾም ሰው መሆኑ ደግሞ አያሳፍርሽ። የንስሐ አባቱም ይወቁ፣ ሐኪሙም ይወቅ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

—

አራት አስ | ኒው ጀርሲ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 8፡50

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተናድጄ ነበር። ከዚያ «ሒሳቤ ይመሰክርልኛል» ያልኩትን ሒሳብ ከፈትኩት።

ያስገባሁትንና ያወጣሁትን በሙሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመርኩት። ያልዋሸኋችሁ ነገር አለ፤ በአሥራ አራት ወር 1,900 ዶላር አትርፌያለሁ። አሸናፊ ነኝ። ከዚያ ሰዓቱን ደመርኩ። ከ1,100 ሰዓት በላይ ሆነ። በሰዓት ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም። መኪና ማቆሚያው በሰዓት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይከፍለኛል። «ሥራ ነው» የሚለው ቃል ከዚህ ቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ አልቆም አለ።

ከዚያ ሲስተር ያሏቸውን ዘጠኙን ምልክቶች ፈልጌ አነበብኩ። ለማቆም ሞክረህ ትነጫነጫለህ? አዎ። ሲከፋህ ትጫወታለህ? የአባቴን መርዶ የሰማሁ ዕለት ማታ ተጫውቻለሁ፤ ማንም አያውቅም። በማግስቱ የተበላኸውን ለማስመለስ ትመለሳለህ? ይህን «ዕቅድ» እለው ነበር፤ ግን አዎ። ሦስት ሆነ። አራት ነው የሚባለው። አራተኛው ስለ መዋሸት ነው። ለባለቤቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ስንት ሰዓት እንደምጫወት ጠይቃኝም አታውቅም። ይህን ውሸት ልበለው አልበለው እስካሁን አላወቅሁም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሊሆን ነው፤ እሷ ተኝታለች፤ እኔ ሳሎን ነኝ።

ወንዝ ማዶ፣ «ራስህን አለመግዛትህ ነው» ያልኩህን መልሼ ወስጃለሁ። እንዴት አቆምክ?

—

ወንዝ ማዶ | ለንደን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ስለ አባትህ ነፍስ ይማር። በዚያ ማታ ብቻህን ስለነበርክ አዝናለሁ።

በቆራጥነት አላቆምኩም። ቆራጥነቴን ለአራት ዓመት ሞክሬው ነበር። ያቆምኩት ሌሎች ሰዎች በመንገዴ ላይ ስለቆሙ ነው። ባለቤቴ ደመወዜ በእሷ ሒሳብ እንዲገባ አደረገች። ባንኬ ለቁማር የሚከፈልን ክፍያ የሚከለክል ቁልፍ ነበረው፤ እሱን አዘጋሁት። እዚህ አገር «ጋምስቶፕ» የሚባለው መዝገብ አለ፤ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይም አምስት ዓመት ይመረጣል። አምስቱን መረጥኩ። እጄ ስትንቀጠቀጥ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ፈቃድ የሌላቸውን ድረ ገጾች እንደማይዘጋ አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ለሦስት ወር ስማርት ስልኬን ትቼ መደወያ ብቻ ያለው ስልክ ያዝኩ። ከዚያ ወደ ሕክምና ሄድኩ። ለንደን ውስጥ ከ2008 ጀምሮ በመንግሥት ጤና አገልግሎት ሥር የቁማር ክሊኒክ አለ። እዚያ የሠራንበት ብዙው ስለ ካርታ አልነበረም። የሚከፋኝን ሰዓት ቀድሜ መለየትን ነበር፤ እሑድ ማታ፣ ከአገር ቤት ስልክ ከመጣ በኋላ፣ ሥራ ላይ ተሰድቤ የገባሁ ዕለት። እነዚያን ሰዓቶች ከሰው ጋር እንዳሳልፍ ተማርኩ። የመጀመሪያው ወር እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ዓይኔን ስጨፍን ካርታ ይታደላል።

ስለ አራተኛው ጥያቄ እኔ አልመልስልህም። ባለቤትህ ስትነቃ 1,100 ሰዓት መሆኑን ንገራትና ፊቷን እየው።

የእናቴን ነገር ለሚያስቡ፦ ግራ ዓይኗ ባለፈው ጥር ተሠርቷል። ገንዘቡን የላከችው ባለቤቴ ናት። በእኔ እጅ አላለፈም፤ እንዲያልፍም አልጠየቅሁም።

—

የስቶክሆልሟ | ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡30

ሲስተር፣ ትናንት ደወልኩ። አርባ ደቂቃ አነጋገሩኝ። ማታ ያልሽኝን በቀጥታ ጠየቅሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና ብርድ ልብሱን ከፊቱ ላይ አነሳ። «አንድ ጊዜ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ» አለኝ። ሌሊቱን አብሬው ነቅቼ አደርኩ። ዛሬ ጠዋት አብረን ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር፤ ማክሰኞ እንድንመለስ ቀጥረውናል። ስልኩ አሁን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ራሱ ነው የሰጠኝ።